ኬሽ ይቆይ ወይስ ይቆረጥ? ለወጣት ሲክ የምርጫ መመሪያ

ጥምጥሙ ራስ ያማል። ፀጉሩ ከግንባር እየሳሳ ነው። ታጥቦ ሲታሰር ይሸታል። ጠዋት ጠዋት ጊዜ ይበላል። ትምህርት ቤት ይሳቅበታል። ኬሽ የሚባለውን ተቆርጦ የማያውቅ ፀጉሩን ለመቆረጥ የሚያስብ ወጣት ሲክ ምክንያቱን ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚዘረዝረው ይህንኑ ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ደግሞ የአያያዝና የአስተሳሰር ስሕተት ያመጣቸው፣ በጥቂት ሳምንታት የሚስተካከሉ ችግሮች ናቸው። እነሱ ከተስተካከሉ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ያንን ጥያቄ ራሱን እያመመው የሚመልስ ሰው ደግሞ በደንብ አይመልሰውም። ስለዚህ ምክራችን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ መጀመሪያ የሚያመውን አስተካክል፤ ከዚያ ወስን፤ አምሪት መቀበልን፣ ማለትም ወደ ሲክ ማኅበር በቃል ኪዳን መግባትን፣ ከሁሉም በኋላ አምጣው።

መመሪያው የሚያናግረው ወጣቱን ነው። በለንደን፣ በቶሮንቶ ወይም በዱባይ ከሲክ ልጆች ጋር የሚማሩ፣ የሚያስተምሩና የሚሠሩ የአማርኛ አንባቢዎችም ጉዳዩን ከውስጥ ያዩበታል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፀጉሩ ምን ማለት ነው

የሲክ እምነት በፑንጃብ ምድር (ዛሬ በሕንድና በፓኪስታን የተከፈለ) በጉሩ ናናክ (1469–1539) ተጀምሮ በአሥር ጉሩዎች የጸና ነው። አሥረኛው፣ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ፣ በ1699 በቫይሳኪ በዓል ቀን በአናንድፑር ኻልሳ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ወደ ኻልሳ የገባ ሰው አምስት ነገሮችን ከአካሉ አይለይም፦ ያልተቆረጠ ፀጉር (ኬሽ)፣ የእንጨት ሚዶ (ካንጋ)፣ የብረት አምባር (ካራ)፣ ጎራዴ (ኪርፓን) እና የጥጥ ቁምጣ (ካቸራ)። ሚዶው ከፀጉሩ ጋር አብሮ መታዘዙን ልብ በል። ያልተቆረጠ ፀጉር ሲባል ለአማርኛ አንባቢ ቶሎ የሚታወሰው ባሕታዊ ወይም ናዝራዊው ሶምሶን ነው፤ ኬሽ ግን ከሁለቱም ይለያል። እንደ ባሕታዊው ፀጉር ተጠላልፎና ሳይበጠር የሚተው አይደለም፤ ጠዋትና ማታ ይበጠራል፣ ንጹሕ ሆኖ ይታሰራል፣ በጥምጥም ይሸፈናል። እንደ ሶምሶንም ኃይል ያለበት ፀጉር አይደለም፤ ፈጣሪ በሰጠው አካል መስማማት ነው፣ እንዲሁም የማኅበሩ ደንብ ልብስ።

ቤተሰብ ነገሩን ለምን አክብዶ እንደሚያየው ለመረዳት አርዳስ የሚባለውን የየዕለቱን ጸሎት መስማት ይበቃል። በጸሎቱ ውስጥ የራስ ቆዳቸው የተገፈፈ፣ ኬሻቸውን እስከ መጨረሻ እስትንፋሳቸው የጠበቁ ሰዎች ይታወሳሉ። በ1745 በላሆር የሞቱት ባይ ታሩ ሲንግ ከእነሱ አንዱ ናቸው፤ ፀጉራቸውን ከማስቆረጥ የራስ ቆዳቸው ቢገፈፍ መረጡ። አያትህ መቀስ ሲነሣ ፊታቸው የሚለዋወጠው ይህን ስም በየቀኑ እያስታወሱ ስላደጉ ነው።

ምርጫው አራት መልክ አለው

ቤት ውስጥ ክርክሩ «ትቆረጣለህ ወይስ አትቆረጥም» በሚል ይነሣል። በተግባር ግን ሰዎች የሚኖሩት በአራት መንገድ ነው።

አንደኛው አምሪትዳሪ መሆን ነው፤ አምስቱ የተወደዱ በሚባሉ፣ ሥርዓቱን በሚያስፈጽሙ አምስት የኻልሳ አባላት ፊት አምሪት የተባለውን የተባረከ ጣፋጭ ውኃ ጠጥቶ ቃል መግባት። ቃሉ ፀጉር ብቻ አይደለም። ከንጋት በፊት መነሣት፣ የተወሰኑትን የየዕለት ጸሎቶች መድገም፣ አምስቱን ምልክቶች መያዝ አለበት። የአምሪትሳሩ የጉርድዋራዎች (የሲክ ቤተ ጸሎቶች) ኮሚቴ በ1945 ያጸደቀው ራሄት ማርያዳ የተባለው ሥርዓት አራት ከባድ ጥፋቶችን ይቆጥራል፦ ፀጉርን መቁረጥ፣ በእስላማዊ ሥርዓት የታረደ ሥጋ መብላት፣ ከትዳር ውጭ መሄድ፣ ትምባሆ መጠቀም። ፀጉር ሲባልም የራስ ብቻ ሳይሆን የጢም፣ የቅንድብ፣ የብብትና የእግሩም ጭምር ነው። ይህን ቃል ከገባ በኋላ የተቆረጠ ሰው ለመመለስ እንደገና በአምስቱ ፊት ቀርቦ፣ ጥፋቱን ተናግሮ፣ አምሪትን እንደ አዲስ መቀበል አለበት።

ሁለተኛው ኬሽዳሪ ነው፦ ፀጉርና ጢም ሳይነካ፣ ጥምጥም ታስሮ፣ አምሪት ግን ሳይቀበሉ መኖር። ከሃያ ዓመት በታች ላለና ገና እያሰበ ላለ ወጣት እኛ የምንመርጥለት ይህን ነው። ምንም በር አይዘጋም፤ ወደ አምሪትም ወደ መቆረጥም ከዚህ መሄድ ይቻላል። ከሌሎቹ ሦስቱ ወደዚህ ለመምጣት ግን ወይ ወራት ወይም ዓመታት ያስፈልጋሉ ወይ የፈረሰ ቃል ይኖራል።

ሦስተኛው ጥምጥም አስሮ ጢምን መከርከም ነው። በፑንጃብ ከተሞችም በውጭ አገርም በጣም የተለመደ ነው። እውነቱን ለመናገር በራሄት ዓይን ጢም መከርከምም ፀጉር መቁረጥ ነው፤ «ግማሽ» የሚባል ደረጃ የለም። ቢሆንም ይህን መንገድ እንደ ማታለል የሚቆጥሩ ሰዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፦ ጥምጥሙን የያዘ ወጣት ከጉርድዋራው አይርቅም፣ የራሱ ፀጉርም ሳይነካ ይቆያል። ሐሳቡን ከለወጠ ሙሉ ጢም በጥቂት ወራት ይመለሳል። ዋጋው ከሁለቱም ወገን ጥያቄ መስማቱ ነው፤ አንዱ ወገን «ለምን ከረከምከው?» ይላል፣ ሌላው «ከከረከምክ ጥምጥሙስ ለምን?»

አራተኛው መቆረጥ ነው። የተቆረጠ ሰው ከጉርድዋራ አይባረርም፤ ራሱን በጨርቅ ሸፍኖ ይገባል፣ ላንጋር በሚባለው የጋራ ነጻ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ይበላል፣ ወጥ ይጨልፋል፣ ሳህን ያጥባል፤ በዚያ ስለ ፀጉሩ የሚጠይቀው የለም። የሚቀንሰው በሌላ በኩል ነው። በሕንድ በ1925 የጉርድዋራ ሕግ ላይ በ2016 የተደረገው ማሻሻያ ፀጉራቸውን የሚቆርጡ ሰዎች በኮሚቴው ምርጫ ድምፅ እንዳይሰጡ አድርጓል። በ2009 ደግሞ የፑንጃብና ሃርያና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቅንድቧን ትቀነደብ የነበረች አንዲት አመልካች፣ በኮሚቴው በሚተዳደር የሕክምና ኮሌጅ ለሲኮች በተያዘው ቦታ መግባት እንደማትችል ወስኗል። በሲክ ኮታ ትምህርት ለማግኘት የሚያስብ ወጣት ከመቆረጡ በፊት ይህን ይወቅ።

ከመወሰንህ በፊት፦ ምኑ ነው የሚያመው?

ራስ ምታት። መነሻው ብዙውን ጊዜ ከጥምጥሙ በታች ያለው ጁራ፣ ማለትም አናት ላይ የሚጠመዘዘው የፀጉር ቋጠሮ ነው። ፀጉሩ ገና ሲሰበሰብ ከግንባር ቆዳ ጋር ተስቦ ከታሰረ ጥምጥሙ ምንም ያህል ቢላላ ሕመሙ አይለቅም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጁራውን ካሰርክ በኋላ ቅንድብህን ወደ ላይ አንሣ። ቆዳው ከተወጠረና ካልተንቀሳቀሰ ፈትተህ እንደገና እሰር። ሁለተኛው መነሻ የጥምጥሙ የመጀመሪያ ዙር ነው፤ በግንባርና በጨርቁ መካከል አንድ ጣት መግባት አለበት። ሦስተኛው የታጠፈ ጆሮ ነው። ጨርቁ የጆሮውን የላይኛ ክፍል ደልዳላ አድርጎ መሸፈን አለበት፤ ጆሮውን ወደ ፊት አጥፎ ከያዘው ከምሳ ሰዓት በፊት ሕመሙ ይጀምራል። ታስሮ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ያመመ ጥምጥም «እለምደዋለሁ» ተብሎ አይቆይም፤ ይፈታል።

መሳሳት። ይህ በቁም ነገር መታየት ያለበት ነው። ፀጉር ለወራት በአንድ አቅጣጫ ሲሳብ ከሥሩ ይደክማል። ምልክቱ በግንባር መስመርና በጆሮ ግንድ በኩል ይወጣል፦ መጀመሪያ ከሥሩ አካባቢ ቀያይ ትናንሽ ቡግሮች፣ ቀጥሎ አጫጭር የተበጠሱ ፀጉሮች፣ በመጨረሻ የግንባሩ መስመር ወደ ኋላ መሸሽ። ጢሙን አጥብቆ የሚያስር ሰው ደግሞ ከአገጩ በታች ያገኘዋል። በጊዜ ከተደረሰበት መጎተቱን ማቆም ብቻ ይበቃል፤ ፀጉሩ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ለዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይመለስም። መፍትሔው ጁራውን ማላላት፣ ቦታውን በየጊዜው ትንሽ ማዛወር፣ ቤት ሲገቡ ጥምጥሙን አውርዶ በቀላል ጨርቅ መሸፈን፣ ማታ ፀጉሩን ፈትቶ በላላ ጉንጉን ማደር ነው። አጥብቀህ አስረህ አትተኛ። መስመሩ ሸሽቶ ካየኸው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ እየጠበቅህ ዓመት አታሳልፍ።

ከዚህ ጋር የሚምታታ አንድ ነገር አለ። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍለታል። ፀጉሩ አጭር የሆነ ሰው አያየውም፤ ሻወር ይወስደዋል፣ ትራስ ላይ ይቀራል። 70 ሳንቲሜትር የሚረዝም ፀጉር ግን ሰባው ሲረግፍ በካንጋው ጥርስ ላይ ተጠቅልሎ የለውዝ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ኳስ ይሠራል፤ ወጣቱም «እየመለጥኩ ነው» ይላል። ኳሱን ዘርጋው። ፀጉሮቹ ሙሉ ርዝመት ያላቸውና በአንድ ጫፋቸው ነጭ ነጥብ ያለባቸው ከሆኑ የተፈጥሮ ርግፍ ነው። አጫጭርና ነጥብ የሌላቸው ከበዙ ደግሞ ፀጉሩ እየተበጠሰ ነው፤ ጥፋቱ የአበጣጠሩ ነው። ሚዶው ከሥር ወደ ጫፍ ሳይሆን ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፦ ፀጉሩን እፍኝ እፍኝ እየያዝክ መጨረሻውን አሥር ሳንቲሜትር አፍታ፣ ከዚያ ቀጣዩን አሥር፣ እንዲህ እያልክ እስከ ሥር። ጥርሱ የሰፋ የእንጨት ሚዶ ከፕላስቲክ ይሻላል፤ ፕላስቲኩ በመሐል ስፌቱ ፀጉር ይቆርጣል። የረገፈውን ብዙ ቤተሰብ መሬት ላይ አይጥለውም፤ ሰብስቦ በአክብሮት ያስወግደዋል።

ሽታና ፎረፎር። ብዙውን ጊዜ የሚያባብሳቸው አንድ ነገር ነው፦ እርጥብ ታስሮ መዋል። ወፍራም፣ ወገብ የደረሰ ፀጉር በራሱ ሲደርቅ ሦስት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ታጥቦ 2 ሰዓት ላይ የታሰረ ፀጉር ሙሉ ቀን ጨርቅ ውስጥ ይቀቀላል። እርጥብ ፀጉር ይለጠጣል፣ ሲጠመዘዝም ይበጠሳል። ስለዚህ መታጠቢያውን ወደ ቅዳሜ ጠዋት ወይም ከእራት በፊት አዛውረው። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ስፖርት የሚሠራ ይጨምር። ሻምፑው ለራስ ቆዳ ነው፣ ማለስለሻው ለጫፉ፤ ሁለቱን ገልብጦ መጠቀም ቆዳውን ያወዛል፣ ጫፉን ያደርቃል። በፑንጃብ ቤቶች እርጎ ከመታጠብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀባል፣ የኮኮናት ወይም የሰናፍጭ ዘይት ደግሞ ቀደም ብሎ፤ ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ ፎረፎር ላለበት ቆዳ ላይ ግን ዘይት አታሳድር፤ ያብሰዋል። የፎረፎር ሻምፑ አምስት ደቂቃ ካልቆየ አይሠራም። ጥምጥሙን ራሱን በየሁለትና ሦስት ቀኑ እጠበው፤ ስንቱ ሰው ፀጉሩን ሲወቅስ የሚሸተው ጨርቁ ነው።

ቅማል ለመቆረጥ ምክንያት አይደለም። ማለስለሻ የተቀባ እርጥብ ፀጉር ጥርሱ በጠበበ ማበጠሪያ በየሦስትና አራት ቀኑ ለሁለት ሳምንት ሲበጠር ይጠፋል።

ርዝመት ያስፈራው ሰው ይህን ይወቅ፦ ፀጉር በወር ከ1 እስከ 1.25 ሳንቲሜትር ያድጋል፣ እያንዳንዱ ፀጉርም ከ2 እስከ 6 ዓመት አድጎ ይረግፋል። ስለዚህ ያልተቆረጠ ፀጉር ያለ ልክ አይረዝምም። የሦስት ዓመት ዕድሜ ያለው ፀጉር 40 ሳንቲሜትር አካባቢ ይቆማል፣ የስድስት ዓመቱ 80 ገደማ።

የትኛው ጥምጥም?

ብዙ ወጣት ያልሆነውን ጥምጥም ለብሶ ነው ኬሽን የሚጠላው። ፓትካ አራት ማዕዘን፣ ማሰሪያ ያለው ጨርቅ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ለልጅ፣ ለስፖርትና ከሄልሜት በታች ይሆናል። ኬስኪ ከ2 እስከ 3 ሜትር የሚሆን አጭር ጥምጥም ነው፤ ለቤት፣ ለጉዞና ለሙቀት አገር የሚመች። ዱማላ ክብና ከፍ ያለ ነው፤ ሲሮጡበት አይፈታም፣ ለዚህም ብዙ አምሪትዳሪ ወንዶችና ሴቶች ይመርጡታል። በፎቶ የምናየው ሹል ግንባር ያለው ፓግ ከ5 እስከ 7 ሜትር ጨርቅ ይፈልጋል፤ ለመማርም ከሁሉ ይከብዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሱን የጥጥ ጨርቅ፣ ፉል ቮይል የሚባለውን ግዛ፤ ቀላል ነው፣ አየር ያስገባል። ሩቢያ ወፈር ያለ ነው፤ ቅርጹን ይይዛል፣ ግን ያሞቃል።

ፓግ ሲታሰር መጀመሪያ ጨርቁ ላይ ውኃ ይረጫል፤ ደረቅ ከሆነ ይንሸራተታል፣ ከረጠበ ይከብዳል። ከዚያ አንድ ሰው ሌላውን ጫፍ ይዞልህ በሰያፍ ወጥራችሁ በርዝመቱ ታጥፉታላችሁ፤ ይህ ፑኒ ይባላል። የሚይዝልህ ከሌለ የበር እጀታ ላይ ቋጥረው። ጁራው በትንሽ የውስጥ ጨርቅ ይሸፈናል። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ በጥርስህ ነክሰህ፣ ጨርቁን ከጆሮ ወደ ግንባር፣ ከግንባር ወደ ማጅራት እያዞርክ በግራና በቀኝ ትደረድረዋለህ። እያንዳንዱ ዙር ከበፊቱ አንድ ጣት ያህል ከፍ ይላል። የመጨረሻው ዙር ተከፍቶ አናቱን ይሸፍናል፣ የነከስከው ጫፍ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ እጥፋቶቹም ሰላይ በምትባል ወስፌ መሳይ ቀጭን ብረት ይስተካከላሉ። የጀማሪ ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ የመጀመሪያው ዙር ከኋላ ከማጅራት በላይ ተቀምጦ፣ ከቀትር በኋላ ሙሉው ጥምጥም ወደ ፊት ይንሸራተታል። ከኋላ ዝቅ አድርገህ፣ የራስ ቅልህ ጎድጎድ ከሚልበት በታች ያዘው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 40 ደቂቃ ይወስዳሉ፤ ከተለመደ በኋላ 10 ይበቃል። በትምህርት ቀን ጠዋት አትማረው፤ በእረፍት ጊዜ፣ ማታ ማታ ተለማመድ።

ጢም

ያልተከረከመ ጢም ተለቆ ወይም ተጠቅልሎ ይያዛል። መልቀቅ ቀላሉ ነው፤ መበጠርና መታጠብ እንጂ ሌላ አይፈልግም። የሚጠቀለለው ጢም ጄል ወይም ፊክሶ የሚባለው ማጣበቂያ ተቀብቶ ከአገጭ በታች ይታጠፋል፣ ታታ በሚባል የጨርቅ ማሰሪያ ከአገጭ እስከ አናት ተጠፍሮ እስኪደርቅ ይቆያል። ፊክሶው ከደረቀ በኋላ ሚዶ አይነካውም፤ ማታ በለብ ባለ ውኃ ሟሙቶ ይለቃል። በደረቁ የሚያበጥር ሰው ጢሙን ይነቅላል። በ17 ዓመት ተበታትኖ የሚወጣው ጢም ብዙ ልጆችን ያሳፍራል፤ እስከ 22 እና 23 ዓመት እየሞላ ስለሚሄድ በዚያ ዕድሜው መልክ መፍረድ ስሕተት ነው።

ለሴት ልጅ

ስለ ኬሽ ሲወራ የሴቷ ሸክም ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ይህ ተገቢ አይደለም። የራሷ ፀጉር ረዥም መሆን ማንንም አያስገርምም። ፈተናው ቅንድብ፣ የላይኛው ከንፈርና እግር ላይ ነው፤ ራሄት በወንድና በሴት መካከል አይለይምና። ጥምጥም ማሰር ለሴት በአብዛኛው ምርጫ ሲሆን፣ በአንዳንድ ወገኖች ዘንድ ግን ኬስኪ ለሴትም ግዴታ ነው። አንቺ የፊት ፀጉርሽ በድንገት ቢበዛና የወር አበባሽ ቢዛባ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናውም ፀጉር ሳይነካ ከውስጥ ይሰጣል። «ቅንድቤን ብቻ» የሚለው መንገድ እንዳለ እናውቃለን፤ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ አምሪት ከመቀበልሽ በፊት ይህን ጉዳይ ከራስሽ ጋር ተነጋግረሽ ጨርሺ። ከቃሉ በኋላ በድብቅ የሚደረግ ነቀላ የሚያመጣው ጭንቀት ከፀጉሩ የከፋ ነው።

ትምህርት፣ ሥራ፣ ሜዳ

ብዙ አገሮች በር ከፍተዋል። በብሪታንያ በ1983 የጌቶች ምክር ቤት ሲኮችን እንደ ብሔረሰብ በመቁጠር አንድን ልጅ በጥምጥሙ ምክንያት አለመቀበል ሕገ ወጥ ነው ብሏል። የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ በ1990፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ2017 ደንባቸውን ለጥምጥምና ለጢም አሻሽለዋል። ፊፋ በ2014፣ የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በ2017 የራስ መሸፈኛን ፈቅደዋል። ፈረንሳይ ግን ሌላ ናት፦ በ2004 ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥምጥም ተከልክሏል፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ በ2012 አንድ ተማሪ መባረሩ መብቱን የጣሰ ነው ቢልም ክልከላው አልተነሣም። እዚያ የሚኖር ቤተሰብ ሕጉ የማይመለከተውን የግል ትምህርት ቤት በጊዜ መፈለግ አለበት።

ሞተር ብስክሌት ላይ እንጠንቀቅ። ብሪታንያ ከ1976 ጀምሮ፣ ሕንድም በሕጓ፣ ጥምጥም ላሰረ ሲክ ሄልሜትን አይጠይቁም። ሕግ ፈቀደ ማለት ግን ጨርቁ ከአስፋልት ያድናል ማለት አይደለም። ምርጫ ካለህ በመኪና ወይም በአውቶቡስ ሂድ። ለብስክሌት ደግሞ ለጁራ ቦታ ያለው የልጆች ሄልሜት በካናዳ ተሠርቷል።

ጢም ፊት ላይ የሚጣበቅ የመተንፈሻ ጭምብል እንዳይገጥም ያደርጋል፤ አየር በጎን ይገባል። ሕክምና፣ ቀለም ቅብ ወይም እሳት ማጥፋት የምታስብ ከሆነ አስቀድመህ አሠሪውን ጠይቅ። ፊት ላይ ሳይጣበቅ ሙሉ ራስን የሚሸፍን፣ በሞተር አየር የሚነፋ ጭምብል አለ። በኮሮና ጊዜ በብሪታንያ ሲክ ሐኪሞች ጢማቸውን በሚለጠጥ ላስቲክ ጠፍረው ከላዩ ጭምብል በማድረግ የመግጠም ፈተናውን አልፈዋል።

ለቀዶ ጥገና የሚቀርብ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር፤ ብዙ ጊዜ የሚላጨው የሚቀደደው ቦታ ብቻ ነው። በደፈናው ሙሉ ራስ የሚላጨው ያልጠየቀው ታካሚ ነው።

የሚሳለቁበት ልጅ ደግሞ ብቻውን አይተው። ወላጅ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለክፍል ኃላፊው መምህር በአካል ያስረዳ፦ ጥምጥሙን ማውለቅ ልብስን እንደ መግፈፍ መሆኑን። ቦርሳ ውስጥ ትርፍ ፓትካ ይኑር፤ የተጎተተበት ቀን፣ ሰዓትና ያየ ሰው ይመዝገብ። ልጁ ፀጉሩን ቢቆረጥ ስድቡ ይቆማል የሚለው ስሌት ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ የሚያንገላታ ልጅ ሌላ ምክንያት አያጣም።

ውሳኔውን መሞከር

የሚያመውን ካስተካከልክ በኋላ ለራስህ አንድ ዓመት ስጥ። በዚያ ዓመት ፀጉሩን ራስህ እጠብ፣ ራስህ አብጥር፣ ራስህ እሰር። እናቱ የምታስርለት የ16 ዓመት ልጅ የሚወስነው ስለ እናቱ ሥራ ነው። በዚሁ ጊዜ ለሁለት ሰዎች ጥያቄህን አቅርብ፦ ፀጉሩን ጠብቆ በደስታ ለሚኖር ከአንተ አሥር ዓመት ለሚበልጥ ሰው፣ እንዲሁም ለተቆረጠ ሰው። ሁለቱንም «ምን ያስቸግርሃል?» ብለህ ጠይቅ፤ «ምን ላድርግ?» አትበል። ግራንቲውን፣ የጉርድዋራውን ቅዱስ መጽሐፍ አንባቢ፣ ስትጠይቅም እንደዚሁ።

በፈተና ወር፣ በፍቅር መለያየት ማግስት፣ ከወላጅ ጋር በተጣላህበት ሳምንት አትወስን። ቃል ለመግባትም ቢሆን ይኸው ነው፤ በካምፕ መጨረሻ ቀን ጓደኞቹ ሁሉ ሲነሡ አብሮ ተነሥቶ አምሪት የተቀበለ ልጅ ቤቱ ሲገባ ጸሎቱን ብቻውን ይጋፈጠዋል። ስሜቱ እውነት ከሆነ በሚቀጥለው ዓመትም ይኖራል።

መቆረጥን ከመረጥክ አስቀድመህ ለወላጆችህ ንገራቸው። ተቆርጦ ቤት የገባ ልጅ የሚያስለቅሳቸው ስለ ፀጉሩ ብቻ አይደለም፤ ስላልታመኑ ነው። «አባዬ፣ ይህን ካሰብኩ ዓመት ሆኖኛል፤ ከአምላኬ አልተለየሁም፤ ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም» ማለት ይበቃል፤ ክርክር አትግጠም፣ ለቅሶውንም አትቸኩልበት። ለወላጆችም የምንለው አለ፦ «ከቤቴ ውጣ» የተባለ ልጅ ከፀጉሩ ጋር ጉርድዋራውንም ይተዋል፤ ያልተባለው ግን እሑድ እሑድ ላንጋር ላይ ይገኛል።

የተቆረጠ ፀጉር በደቂቃዎች ይወድቃል፤ መመለሻው ግን የሚቆጠር ነው። ከስድስት እስከ አሥር ወር ያለው ጊዜ ከሁሉ ይከብዳል፦ ለመተው ይረዝማል፣ ለማሰር ያጥራል፣ ከጨርቁ ሥር በየጎኑ ይሾልካል። በዚህ ጊዜ ፓትካ ወይም የተጠበበ ኬስኪ ራስን ይሸፍናል፤ ፓግ አትሞክር፣ የሚቀመጥበት የለውም። ከ18 ወር በኋላ ፀጉሩ 20 ሳንቲሜትር ሲያልፍ ተሰብስቦ አንዴ ይጠመዘዛል፤ ያን ጊዜ ትንሿ ጁራ ሳትፈታ መዋል ትጀምራለች።